ከአመዳዩ በታች ያለው መንገድ

በፊንላንድ፣ ከሄልሲንኪ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ፣ በላህቲና በኮቮላ ከተሞች መካከል፣ ኢቲ የምትባል በጥድ ደን የተከበበች የገጠር ወረዳ አለች። በኦገስት 2019 እ.ኤ.አ. በሞቶጂፒ፣ ማለትም በሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና፣ ይወዳደሩ የነበሩት የስድስቱ ፋብሪካዎች ሞተር ፈታሾች ወደዚያ አመሩ። የጠበቃቸው ገና ግንባታው ያላለቀ፣ ርዝመቱ ወደ 4.6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አዲስ የውድድር ትራክ ነበር። ስሙ ኪሚሪንግ ይባላል። ፊንላንድ የዓለም ሻምፒዮናውን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደችው በ1982 እ.ኤ.አ. ነበር። ያኔ ውድድሩ የሚካሄደው በኢማትራ ከተማ፣ ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ የባቡር ሐዲድ ስለሚያቋርጥ ሞተሮቹ እዚያ ሲደርሱ ከመሬት ብድግ ይሉ ነበር። ኪሚሪንግ የታሰበው ያን ዘመን በሚመጥን መንገድ እንዲተካ ነው።

በብርድ አገር ትራክ ሊሠራ ነው ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በረዶ ላይ እንዴት ይሮጣል?» ብሎ ነው። አይሮጥም። ውድድሩ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ነው፤ ያኔ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይዋም ለመጥለቅ አትቸኩልም። ችግሩ ያለው ትራኩ ባዶውን በሚያድርባቸው ወራት ነው። ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠሩንም፣ ውሃ ሲረጋ የሚሆነውን ድርቅ ያለውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚበተነውንም በአንድ ቃል «በረዶ» እንላለን። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያነበበ ሰው ግን ለመጨረሻው «አመዳይ» የሚል ቃል እንዳለን ያውቃል። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው አመዳይ መንገዱን ሲጠብቀው፣ ከታች ያለው በረዶ ያፈርሰዋል።

መረሬ አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። መረሬ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። በብርድ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ውርጭ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መሬቱን የሚያነሳው ይኸው መስፋፋት ብቻ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ አይገጥምም። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ቢረጋ እንኳ አንድ ሜትር አፈር ከፍ የሚለው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በተግባር የታዩት እብጠቶች ግን ከዚያ እጅግ የበለጡ ናቸው። እስጢፋን ቴበር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ይህን ለመፍታት ያደረገው ሙከራ እስካሁን ያስደንቀኛል። አፈሩን በውሃ ፋንታ ቤንዜን (benzene) በሚባል ኬሚካላዊ ፈሳሽ አራሰው። ይህ ፈሳሽ ሲረጋ እንደ ውሃ አይሰፋም፣ እንዲያውም ይኮማተራል። አፈሩ ግን እንዲያም ሆኖ ወደ ላይ ተነሳ።

እንግዲህ መሬቱን የሚያነሳው የውሃው መስፋፋት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ውርጩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ስስ የበረዶ ንጣፎች ይፈጠራሉ። እነዚህም የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው፣ ከሥር ያለውን ውሃ በጠባብ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ውሃው እየመጣ ይረጋል፣ ንጣፉ ይወፍራል፣ በላዩ ያለው ሁሉ ይነሳል። ለዚህ ከአፈር ሁሉ የከፋው ደለል ነው። አሸዋና ጠጠር ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ ውሃ አይስቡም፤ ሸክላ አፈር ይስባል፣ ግን ውሃው በውስጡ የሚያልፈው በዝግታ ነው። ደለል ሁለቱንም ያሟላል፤ ይስባል፣ ያሳልፋልም።

አሁን ወደ አመዳዩ እንመለስ። አመዳይ አየር የታጨቀበት ብርድ ልብስ ነው፤ ጫካ ውስጥ ከሥሩ ያለው መሬት ብዙም አይቀዘቅዝም። መንገድ ላይ ግን ይጠረጋል፣ መሬቱም ራቁቱን ይቀራል። በደቡብ ፊንላንድ ብርዱ በጠናበት ዓመት፣ ከተጠረገ መንገድ ሥር ውርጩ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወርዳል። የትራክ ባለቤት ታዲያ ምርጫው ከባድ ነው። በብርዱ ወራትም ገቢ ላግኝ ብሎ ከጠረገ ውርጩን ራሱ ጠርቶ አስገባው፤ የመጥረጊያው ምላጭም አስፋልቱን ይልጠዋል። ከተወው ደግሞ ከግማሽ ዓመት በላይ የተዘጋ ንብረት ይዞ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ደለሉን ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩ ውሃ የማይስብ ጠጠርና የተፈጨ ድንጋይ በየደረጃው እየረጩ በሮለር መጠቅጠቅ፣ በግራና ቀኝ ጥልቅ ቦይ መቆፈር፣ በሚያስፈልግበት ቦታም ጠጣር የፎም ሰሌዳ አንጥፎ ውርጩን ማገድ። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው «ሰብቤዝ» የሚለው ንጣፍ እዚያ አገር የሚወፍረው ለጭነቱ ብቻ ሳይሆን ለብርዱም ጭምር ነው። የኢቲ አካባቢ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግሩ ሲያፈገፍግ ከምሮት የሄደው የሳልፓውስሴልካ የጠጠርና የአሸዋ ሸንተረር ከላህቲ ወደ ኮቮላ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።

ለተራ መኪና ሁለት ሴንቲ ሜትር እብጠት ምንም ማለት አይደለም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞተር ግን በአንዲት ሰከንድ 83 ሜትር ይጓዛል፤ ለእርሱ ያቺ እብጠት ጎማውን ከመሬት የምታላቅቅ ናት፣ ያውም ለፍሬን በሚዘጋጅበት ቦታ ላይ ልትሆን ትችላለች። ከሥር ምንም ባይነሳ እንኳ አስፋልቱ ራሱ በብርድ ይኮማተራል፤ ሬንጁ ድርቅ ብሎ ሲቀር ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። ለብርድ ለስለስ ያለ ሬንጅ ይመረጣል፣ የውድድር ጎማ ግን እየቦጫጨቀ ስለሚያልፍ የሚፈልገው ጠንካራውን ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ፖሊመር ይጨመርበታል። የብረት አጥር ምሰሶዎችም ውርጭ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየነቀለ ከመሬት ያወጣቸዋል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ትራክ ዕቅድ በጀት ውስጥ በየፀደዩ የሚደረግ ልኬትና ጥገና ካልታየ፣ ዕቅዱ ገና አላለቀም።

ኪሚሪንግን የጣለው ግን ውርጩ አይደለም። የ2020 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ 2021ም እንዲሁ አለፈ። በ2022 ለጁላይ ቀን ተቆርጦለት ሳለ፣ የትራኩ የፈቃድ ሥራዎች ባለማለቃቸውና በአካባቢው በተፈጠረው የፖለቲካ ውጥረት ሳቢያ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ቀረ። የሩሲያ ድንበር ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሞቃት አገር ያለ ትራክ አንድ ትልቅ ውድድር ቢያመልጠው በቀሩት ወራት ተራ ሥልጠናና ኪራይ ያካክሳል። የሰሜኑ ትራክ ያለው አምስት ወር ነው፤ አንድ ቀን ሲያመልጠው ዓመቱ ያመልጠዋል። እኔ እንደማየው የዕቅዶቹ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ምሕንድስናው በብርድ አገር ሚዛን ይሰላል፣ ገንዘቡ ግን በስፔን ሚዛን።

ብርዱን ራሱን እንጀራ ያደረጉ ቦታዎችም አሉ። በሰሜን ስዊድን በአርየፕሎግ ሐይቆቹ ሲረጉ የመኪና ፋብሪካዎች ከየአገሩ መጥተው ፍሬንና መሪ ይፈትሻሉ። በፊንላንድ ኢቫሎ ደግሞ የጎማ ፋብሪካ መሞከሪያ ሜዳ አለ። እዚያ ትራኩ የሚሠራው በየዓመቱ አዲስ ነው፤ ሲቀልጥም የሚጠገን ነገር የለም።

ይህም ቢሆን ብርዱ ሲኖር ነው። የስዊድን ራሊ ለረጅም ዘመን የተካሄደው በቬርምላንድ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ሚስማር የተተከለበት ጎማ አስረው በረዶውን እየቧጠጡ ይሮጡበታል። በ2020 አመዳዩ ስለጠፋ ውድድሩ እንዲያጥር ተገደደ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ሰሜን ወደ ኡሜዮ ተዛወረ። ለአስፋልት ትራክ ግን የአየሩ መለዘብ እረፍት አያመጣለትም። ብርዱ ጸንቶ ሲከርም መሬቱ አንዴ ይረጋል፣ አንዴ ይቀልጣል። ሙቀቱ በዜሮ ዙሪያ ሲዋልል ግን ይረጋል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይረጋል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃም በእያንዳንዱ ምልልስ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አቃጅ ግሬደር ከመጥራቱ በፊት መሬቱን በየቦታው አስቆፍሮ፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍታ የሚለኩ ቱቦዎች አስቀብሮ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት የሚጠብቀው።