ለጎተራ ጠባቂዋ ድመት ደረቅ ወይስ እርጥብ ምግብ?

ምርት ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ የአርሶ አደሩ ድካም አበቃ ማለት አይደለም። ከነቀዝ፣ ከሻጋታና ከአይጥ ጋር የሚደረገው ትግል ያኔ ይጀምራል። ነቀዝን ለመከላከል አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢት ለብዙ አርሶ አደሮች ጥሩ መላ ሆኗል። ከረጢቱ ነቀዙን የሚገድለው ያለ መድኃኒት ነው፤ ውስጡ የቀረው ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙ ይታፈናል። አይጥ አንድ ቦታ ላይ ከቀደደችው ግን አየር ይገባል፣ የወጣበት ገንዘብም ከንቱ ይቀራል። ጎታውም ሆነ ጎተራው ከዚህ ስጋት ነጻ አይደሉም። ለዚህ ነው በአርሶ አደሩ ቤት ድመት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጥበቃ ሠራተኛ የምትታየው።

ድመትና ገበሬ የተወዳጁትም በእህል ምክንያት ነው። የቤት ድመት ቅድመ አያት የአፍሪካ የዱር ድመት ስትሆን፣ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ እህሉን፣ ድመት ደግሞ አይጧን ተከትላ ወደ መንደር እንደገባች ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ይሁን እንጂ ይህቺ ጥበቃ ምን ትብላ ብሎ የሚያስብ ቤት ጥቂት ነው። በትልልቅ ከተሞች ድመት ያላቸው ሰዎች በከረጢት የሚሸጠውን ደረቅ ፍሬ ወይም በቆርቆሮ የታሸገውን እርጥብ ምግብ እንግዛ እያሉ ያማርጣሉ። በገጠሩ ቤትም ምርጫው አለ፤ መልኩ ብቻ ይለያል። የደረቀ እንጀራ ወይስ ወጥ የነካው ፍርፋሪ? ቋንጣ ወይስ ቅቅል? ምርጫው በድመቷ ጤና፣ በእህሉና አንዳንዴም በቤተሰቡ ጤና ላይ ለውጥ ያመጣል።

ርሃብ አዳኝ አያደርግም

“ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም” የሚል አባባል በየመንደሩ ይሰማል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የተራበች ድመት የያዘችውን ለመግደል ትፈጥናለች። የማደን ፍላጎቷ ግን ከርሃቧ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ምግብ እየበላች እንኳን አይጥ ካየች ትታው ትነሣለች። “ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራል።

እንግሊዛዊው የሥነ ምሕዳር ተመራማሪ ቻርልስ ኤልተን በእርሻ ቤቶች ላይ ያደረገውን ጥናት በ1953 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ያገኘው ውጤት ለእኛም አርሶ አደር ይጠቅማል። ድመት አይጥ የወረረውን ግቢ ብቻዋን ማጽዳት ያስቸግራታል። አይጡ አስቀድሞ በሌላ ዘዴ ከጸዳ በኋላ ግን ግቢው ተመልሶ እንዳይወረር ትጠብቃለች። ለዚህም ከሰው እጅ ምግብ ማግኘት አለባት፤ ካላገኘች ሌላ ቦታ ፍለጋ ትሄዳለች።

ሒሳቡም ይህንኑ ያሳያል። 4 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ያስፈልጋታል። አንዲት ትንሽ አይጥ የምትሰጠው 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ድመቷ በአደን ብቻ ትኑር ከተባለ በቀን ሰባትና ስምንት አይጥ መያዝ አለባት። በደህና የተያዘ ጎተራ ደግሞ በየቀኑ ይህን ያህል አይጥ የለውም። ስለዚህ ጎተራው በደህና በተጠበቀ ቁጥር ድመቷን መመገብ የባለቤቱ ግዴታ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ሥጋ

ስለ ደረቅና እርጥብ ከመነጋገር በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ውሻ የሰውን ምግብ ተካፍሎ መኖር ይችላል። ድመት ግን ያለ እንስሳት ተዋጽኦ በጤና መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከሥጋ፣ ከልብ፣ ከዓሣና ከመሳሰሉት ማግኘት አለባት። እጥረቱ ለዓይን መታወርና ለልብ ጡንቻ መድከም ይዳርጋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ይህን የልብ ሕመም ከታውሪን እጥረት ጋር ካያያዙት በኋላ የድመት ምግብ ፋብሪካዎች በምርታቸው ውስጥ ያለውን መጠን ጨምረዋል። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው። ሰው ከካሮት ያገኘውን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣል፤ ድመት አትችልም።

በእንጀራ፣ በዳቦና በሽሮ ብቻ የምትኖር ድመት እንግዲህ ሆዷ ቢሞላም እየተጎዳች ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ምክንያቱን አይጠረጥርም። ለውሻ ተብሎ የሚሸጥ ምግብም ለድመት የሚበቃ ታውሪን ላይኖረው ስለሚችል የዘወትር ቀለቧ መሆን የለበትም።

ደረቁና እርጥቡ ሲመዘኑ

በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው። በቆርቆሮ ከታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ ምግብ 900 ግራም ያህል መኖ ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ እርጥብ ምግብ የሚይዘው ከ200 እስከ 250 ግራም ብቻ ነው። ለአንድ ድመት በቀን 60 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃል፤ ከእርጥቡ ደግሞ ከ200 ግራም በላይ ያስፈልጋል። ዋጋ የሚያነጻጽር ሰው የኪሎውን ዋጋ ብቻ ካየ ይሳሳታል። በገንዘብና በአያያዝ ረገድ ደረቁ ያዋጣል።

የደረቁ ጉድለት ውሃው ላይ ነው። የድመት ዘር የመጣው ከደረቅ አገር በመሆኑ ጥሟ ደካማ ነው። በተፈጥሮ የምትበላት አይጥ ከሰውነቷ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ ድመት ውሃዋን አብራ ትበላለች። ደረቅ ምግብ ብቻ የምትበላ ድመት የጎደለውን ሁሉ ጠጥታ አትሞላውም። ሽንቷም ይወፍራል፣ የፊኛ ጠጠርና የሽንት ቧንቧ መታወክ ያለባቸው ድመቶችም ይብስባቸዋል። አደጋው ቧንቧው ጠባብ በሆነው ወንዴ ድመት ላይ ይከፋል። ለመሽናት ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው፣ ከጮኸ ወይም ካስመለሰ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ጤና ኬላ መወሰድ አለበት። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሽንት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል።

እርጥብ ምግብ ይህን ችግር ያቃልላል። ጥርስ ላጣች፣ ለታመመችና ለአረጀች ድመትም ይመቻል። ጉድለቱ ቶሎ መበላሸቱ ነው። በቆላና በወይና ደጋ ሙቀት ከጥቂት ሰዓት በላይ ከቆየ ይሸታል፣ ዝንብና ጉንዳን ይሰበስባል።

የሚያዋጣው መንገድ ሁለቱን ማቀናጀት ነው። ደረቅ ምግብ የሚሰጥ ሰው ለብ ባለ ውሃ አርሶ ቢሰጥ፣ እርጥብ የሚሰጥ ደግሞ ድመቷ በአንድ ጊዜ የምትጨርሰውን ያህል ቢያቀርብ ይመረጣል። የትኛውም ቢሆን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ በጣባ መቀመጥ አለበት። አዲስ ምግብ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከነባሩ ጋር እየተቀላቀለ ይለመዳል። “ሲርባት ትበላዋለች” ብሎ ቀናት ማስራብ ጉበቷን ይጎዳል፤ በተለይ የወፈረች ድመት ለዚህ ትጋለጣለች።

ከገበታ የሚተርፈው

በአብዛኛው ቤት የድመት ቀለብ ከሰው ገበታ የሚተርፈው ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስጋት ወጥ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሲበስል መርዝነቱ አይጠፋም። ድመቷ ትደክማለች፣ ድዷ ይገረጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለድመት የሚሰጥ አይደለም። ድርሻዋ ሽንኩርትና ጨው ከመግባቱ በፊት ከድስቱ ቢነሣላት ወጪ የለውም።

ወተትም ለብቻው ምግብ አይሆንም። ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተት ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጉበት ጥሩ ምግብ ቢሆንም በየቀኑ በብዛት ከተሰጠ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ በዝቶ አንገቷንና መገጣጠሚያዋን ያደርቃል። የሻገተ እንጀራና ዳቦም ለሰው የማይሆነውን ያህል ለድመትም አይሆንም።

ልብ፣ ሳንባ፣ የሥጋ ቁርጥራጭና የዶሮ ሆድ ዕቃ ጥቂት ውሃ ውስጥ ተቀቅለው ከነመረቃቸው ቢሰጡ ጥሩ እርጥብ ምግብ ይሆናሉ። ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ መረቁን መድፋት ዋናውን መድፋት ነው። በጣና ዙሪያና በሌሎች ሐይቆች አካባቢ የዓሣ ትርፍራፊ በቀላሉ ይገኛል። አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ አንድን የሚያጠፋ ነገር ስላለው ቀቅሎ፣ እሾሁን ለቅሞ መስጠት ይገባል።

ቤት የምትውልና የማታድን ድመት ቀይ ሥጋ ብቻ ብትበላ ካልሲየም ይጎድላታል። የምታድነዋ ግን ይህን ከአይጧ አጥንት ታገኛለች። አደንና ቀለብ የሚደጋገፉት እንዲህ ነው።

በጾም ወራት

በጾም ወቅት ቅርጫም ሆነ የሉካንዳ ትርፍራፊ ይጠፋል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም በብዙ ቤት ለድመቷ የሚደርሳት ሽንኩርት የገባበት ሽሮ ብቻ ነው። ወቅቱ ደግሞ እህል በጎተራ ያለበት፣ ድመቷ የምትፈለግበት ነው።

መፍትሔው ከቤት አይርቅም። ከቅበላው በፊት ጥቂት ሥጋ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቋንጣ አድርጎ መስቀል ይቻላል። ይህ የአገራችን ደረቅ ምግብ ነው። ሲደርቅ ከክብደቱ አብዛኛው ስለሚቀንስ ትንሹ ብዙ ያገለግላል። ሲሰጥ በውሃ ተነክሮና ተቀቅሎ ይሁን። በጾም ገበያው የሚቀዘቅዘው እንቁላልም ተቀቅሎ ሊሰጥ ይችላል። እንቁላል ታውሪኑ ጥቂት ስለሆነ ከቋንጣ ወይም ከዓሣ ጋር ማፈራረቅ ይገባል።

ጥሬ ሥጋና የቤተሰብ ጤና

ቀቅሎ መስጠት ሌላም ምክንያት አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሐዋሲ በጥሬ ሥጋና በአይጥ በኩል ወደ ድመት ይገባል። በመጀመሪያ የተያዘች ድመት እንቁላሎቹን ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች። ይህ በድርቆሽ፣ በእህል ወይም በውሃ ላይ ከወደቀ በግና ፍየል ያስጨነግፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ብትያዝም ፅንሷ ሊጎዳ ይችላል። ሰው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ በመብላትም ይያዛል።

ድመትን ማባረር መፍትሔ አይሆንም። የእህልና የድርቆሽ ክምችትን መሸፈን፣ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ማጽዳትና መቅበር፣ ይህንንም ለነፍሰ ጡር አለመተው በቂ ጥንቃቄ ነው። የተሐዋሲው እንቁላል በሽታ ለማስተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማጽዳት ይጠቅማል። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ስለሚተላለፍ ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

በመጋዘን ያለች ድመት

ድመት የሚያኖሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች የሚያጋጥማቸው ፈተና ደረቅ ምግብን ሌሊቱን ክፍት አድርጎ መተው ነው። ይህ አይጡን መቀለብ ይሆናል። ምግቡ ከመጋዘኑ ውጪ፣ ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት ተሰጥቶ የተረፈው መነሣት አለበት። ለምታድን ድመት የማታው ድርሻ አነስ ቢል ይመረጣል። ግልገሎች ግን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይበላሉ።

የአይጥ መርዝ በሚቀመጥበት ጊዜ ድመቷ ከአካባቢው መራቅ፣ የሞተው አይጥም ተለቅሞ መቀበር አለበት። መርዝ የበላች አይጥ ድመቷንም ልትገድል ትችላለች። ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈን፣ የጎተራውን እግር በቆርቆሮ መከለልና የገባውን አይጥ ማጽዳት፤ ቀጥሎ ድመቷን ማኖር።

ወረዳዎች ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ለአርሶ አደሩ ሥልጠና ሲሰጡ ስለ ከረጢቱና ስለ ጎተራው አሠራር ያስረዳሉ። የድመት አመጋገብም በዚያው መድረክ የአንድ ሰዓት ቦታ ቢያገኝ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የልማት ጣቢያና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ሦስት ነገር ቢያስይዙ ይበቃል፦ ሽንኩርት የሌለበት የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ፣ ቀለቡም ከእህሉ ርቆ። እነዚህ ከተሟሉ ደረቅ ወይስ እርጥብ የሚለውን እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ይወስናል።