በኮምፒዩተር ላይ የራስን የጽሕፈት ሥፍራ ስለ ማሰናዳት

ባለፈው ዓመት ለዚህ መጽሔት የመጡትን ጽሑፎች በኮምፒዩተር የመገልበጥ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት የክፍል ጓደኛዬን ድርሰት አራተኛ ገጽ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ከጻፍሁት ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አልተገኘም። ልጅቱ «ምንም አይደል» አለችኝ፤ እኔ ግን አፈርሁ። ስለዚህ ክረምቱን የራሴን የጽሕፈት ሥፍራ በማሰናዳት አሳለፍሁት። እንዴት እንደ ሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛልና እነሆ እጽፋለሁ።

የሀገራችን ቁም ጸሓፊ ብርዑን ራሱ ይቀርጻል፥ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፥ ብራናውንም በወስፌ ያሰምራል። ሌላ ሰው የቀረጸው ብርዕ ለእጁ አይመቸውም። ኮምፒዩተርንም እንዲሁ ለእጅ ማስማማት ይቻላል።

ኮምፒዩተርን ማዘዣው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሁላችሁም የምታውቁት፥ ቀስቱን ወደ ሥዕሉ ወስዶ መጫን ነው። ሁለተኛው ትእዛዙን በጥቁር መስኮት ላይ በቃል መጻፍ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል፤ እኔ የምሠራበት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ባሽ ነው። ይህ መንገድ ያረጀ ኮምፒዩተርን አያደክምም።

ባሽ ሥራውን ሲጀምር ከባለቤቱ ማኅደር አንድ ፋይል ያነባል። የፋይሉ ስም በነጥብ ስለሚጀምር በተራው ዝርዝር ውስጥ አይታይም። በእርሱ ውስጥ ረጅሙን ትእዛዝ በአጭር ስም መሰየም ይቻላል፤ ስሙ በአማርኛ ቢሆንም ባሽ ይቀበላል። እኔ «መጽሔት» ብዬ ስጽፍ የጽሑፎቹ ማኅደር ይከፈታል፤ «አኑር» ስለው የዕለቱን ሥራ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ግን ቅጂውን አስቀምጡ። እኔ አንድ የጥቅስ ምልክት ሳልዘጋ ቀርቼ ስሕተቱን ስፈልግ ግማሽ ቀን ጠፋብኝ።

ለጽሕፈቱ የመረጥሁት ቪም የተባለውን ፕሮግራም ነው። ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ብራም ሞሌናር የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ሲሆን፥ መሠረቱ ቢል ጆይ በ1976 የጀመረው ቪአይ ነው። ሞሌናር በ2023 ዐረፈ። ፕሮግራሙን በነፃ ሲሰጥ፥ በዩጋንዳ ያሉትን ችግረኛ ልጆች እንድንረዳ የሚለምን መልእክት በመግቢያው ላይ አኑሮ ነበር። እኔን ግን ከሁሉ በፊት የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። ቪም 200 ፊደል በተጻፈ ቁጥር፥ ወይም ጣት ለ4 ሴኮንድ ባረፈ ጊዜ፥ ሥራውን ወደ ሌላ ፋይል ይገለብጣል። መብራት ጠፍቶ ቢመለስ የተረፈውን እንዲመልስልን ይጠይቀናል። እኔ 4ቱን ሴኮንድ ወደ 1 አወረድሁት።

ችግሩ አማርኛው ላይ መጣ። ቪም ሁለት ጠባይ አለው። ሲከፈት የምንጫነው ፊደል ሁሉ ጽሕፈት ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ወደ ጽሕፈት የሚገባው አይ የተባለውን የላቲን ፊደል ስንጫን ነው። ኮምፒዩተሩን በሙሉ ወደ አማርኛ ካዞርነው ግን ትእዛዙም አማርኛ ይሆናል። አንድ መስመር ለመሰረዝ የላቲኑን ዲ ሁለት ጊዜ ስጫን «ድድ» ሆነ፤ ቪምም የጥርስ ሐኪም አይደለምና ዝም አለኝ።

መፍትሔው አማርኛውን ለቪም ብቻ ማስተማር ነው። ለዚህ የቁልፎች ካርታ የሚሆን ፋይል ይጻፋል፤ በየመስመሩ በግራ የላቲኑ፥ በቀኝ የእኛ ፊደል ይቀመጣል። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 መስመር ነው፤ እነ ሏ እና ቧ ሳይቆጠሩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሀ፥ ሐ እና ኀን፥ ሰ እና ሠን ለየብቻ ቁልፍ ሰጠኋቸው፤ አለዚያ የአማርኛ አስተማሪያችን አይምሩኝም ነበር። ካርታው የሚሠራው በጽሕፈት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ወደ ትእዛዝ ስንመለስ ላቲኑ በራሱ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የተቻለው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር በ3ኛው እትም ስለ ገባ ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ ብዙ ጊዜ በሌላው አይነበብም ነበር። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ጥቁሩ መስኮት ለሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጥ እነ ጪ እና ሿ ይጨናነቃሉ።

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ አንድ የሰፈራችን መሪጌታ ይህን ሰምተው «የዜማውን ምልክትስ ይጽፋል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ፈልጌ አገኘሁት፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረትና የመሳሰሉት 10 ምልክቶች በ2005 በወጣው በ4.1 እትም ገብተዋል። በካርታዬ ላይ 10 መስመር ጨመርሁ። ነገር ግን በብራና ላይ ከፊደሉ ራስ በላይ የሚቀመጠው ምልክት በቪም ላይ ከጎኑ ይመጣል። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፥ ዜማውን ከራስ አውርደህ ከጎን አስቀመጥኸው» አሉኝ። ወደ ራሱ የሚመለስበትን መንገድ አሁንም እየፈለግሁ ነው።