ጓዝ ሲቀል መንገድ ይቀላል



የዓመት ፈቃድ ተፈርሞ ከእጅ በገባ ማግስት በየቤቱ የሚጀመር አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ሻንጣ ማውረድ ነው። ሻንጣው ከቁም ሣጥን ላይ ወርዶ አቧራው ይራገፋል፤ አልጋ ላይም ተከፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ «ይህ ያስፈልግ ይሆናል» የተባለው ሁሉ አንድ በአንድ ይገባበታል። በመጨረሻም ክዳኑ አልገጥም ሲል ልጅ ተጠርቶ ይቀመጥበታል። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው፣ ልጅ ተቀምጦበት የተዘጋው ሻንጣ በመንገድ ላይ ምን እንደሚያደርስና እንዴት ሊቀል እንደሚችል ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ጉዞ በምሳሌነት እንውሰድ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በፈቃዱ ጊዜ ሁለት ነገር ሊፈጽም አስቧል እንበል። አንደኛው በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ፣ ራቤል ያሉትን ዘመዶቹን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተመልሶ ወደ ባሕር ዳር በመዝለቅ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተጓዘ ገዳማቱን መሳለም ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በአንድ ጉዞ አውቶቡስም፣ የእግር መንገድም፣ ጀልባም ይጠብቁታል። የመንዝና የግሼን ደጋ ብርድ ይቀምሳል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገርም የዓባይ በረሃ ሙቀት ይቀበለዋል፤ በመጨረሻም በሐይቁ ነፋስና እርጥበት ውስጥ ይገባል። የብዙ ሰው ስሕተት ለእያንዳንዱ አየርና ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ጓዝ ማዘጋጀቱ ነው።

ይህን ስሕተት የምናወራው ከሰው ሰምተን ብቻ አይደለም፤ ራሳችንም ፈጽመነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዤ ወደዚያው አገር ዘመድ ልጠይቅ ሄድሁ። መኪናው ራቤል ላይ አወረደኝ፤ የአጎቴ ቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር በሚኬድ መንገድ ላይ ነበር። አጎቴ አህያ አስይዘው ልጃቸውን ልከውልኝ ኖሮ ሻንጣዎቹ ተጫኑና ቁልቁለቱን ወርደን፣ አቀበቱን ወጥተን ደረስን። የጎረቤት ሰው ሁሉ የጓዙን ብዛት አይቶ ከሥራ የተሰናበትሁ መሰለው፤ «ምነው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ገባሳ!» ሲባልም በጆሮዬ ሰማሁ። ይህስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀውን የተረዳሁት ማታ ነው። አህያው በዚያን ቀን እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ሊሄድ የተዘጋጀ ነበር። በሻንጣዎቼ ምክንያት ወፍጮው ቀርቶ፣ በቤት ዱቄት ባለመኖሩ ለእኔ የቀረበው እንጀራ ከጎረቤት የተበደሩት ነበር። ይቅርታ ብጠይቃቸው አጎቴ ሣቅ ብለው፣ «ምንም አይደል ልጄ፤ ወፍጮው አይሮጥም» አሉኝ። ከሻንጣዎቹ በአንደኛው ውስጥ በሚገባ የተተኰሱ ሦስት ሙሉ ልብሶች ነበሩ። እስክመለስ ድረስ አንዳቸውንም አላወጣኋቸውም።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ተጓዡ ራሱ ሊሸከመው ያልቻለውን ጓዝ ሌላ ሰው ወይም ሌላ እንስሳ ይሸከመዋል። ስለዚህ ጓዝን ማቅለል ለራስ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለአስተናጋጁም የሚደረግ አክብሮት ነው። አንዳንድ ሰው ሻንጣው ሲተልቅ ክብሩ አብሮ የሚተልቅ ይመስለዋል። ዘመድ ግን የሚናፍቀው ሰውዬውን እንጂ ቁም ሣጥኑን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የጓዝ ልክ የሚወሰነው በመንገዱ ሰፊ ክፍል ሳይሆን በጠባቡ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ስለሆነ ከባድ ሻንጣ አያስቸግርም። ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲቃረቡ ከዋናው መንገድ ተለይቶ ወደ መንዝ ሲገባ፣ በመሐል ሜዳም በኩል ወደ ግሼ ሲዘለቅ ነገሩ እየተለወጠ ይሄዳል። መኪናው በሰውና በእህል ይሞላል፤ ሻንጣ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ዝናብና አቧራም ይፈራረቁበታል። ከመኪና ከተወረደ በኋላ ደግሞ የእግር መንገድ አለ። በጣናም ላይ ጠባብ ጀልባ ይጠብቃል። እንግዲህ አንድ መንገደኛ ጓዙን ሲያሰናዳ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ይህን ይዤ ያለ ማንም እርዳታ ግማሽ ሰዓት አቀበት መውጣት እችላለሁን? በአንድ እጄ ይዤውስ ከወደቡ ወደ ጀልባው መራመድ እችላለሁን?» መልሱ «አልችልም» ከሆነ ሻንጣው እንደገና ይከፈት። ለአብዛኛው ሰው በትከሻ የሚነገት፣ ከነዕቃው ከሰባት ወይም ከስምንት ኪሎ ግራም የማይበልጥ አንድ ቦርሳ ይበቃል።

«ብርዱስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ብርዱ በእርግጥ የሚናቅ አይደለም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ቢያንስ የ9 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይጥላል።

ነገር ግን ሰውን የሚያሞቀው የልብሱ ክብደት አይደለም። የሚያሞቀው በልብስና በልብስ መካከል ታግቶ የሚቀረው አየር ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት መደረብ ይሻላል። ብርድ ሲሆን ሦስቱም ይለበሳሉ፤ ሙቀት ሲሆን አንድ በአንድ ይወልቃሉ። ካፖርቱ ግን የዓባይ በረሃ ላይ ሲደረስ ከሸክምነት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ሹራቡ የሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ጥጥ ሲርስ ሙቀቱን ያጣል፤ ሱፍ ግን ጥቂት እርጥበት ቢነካውም ማሞቁን አይተውም። ይህን የመንዝ ሰው ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚያ አገር ሴቶች የበጉን ጠጉር በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያም ባናና በርኖስ ይሠራል። የበርኖስን ጥቅም በደጋ ነፋስ ውስጥ የቆመ ሰው ይመሰክራል።

ጋቢን አንረሳም። ጋቢ በቀን ይለበሳል፤ በሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ተጠቅልሎ ትራስ፣ ተጣጥፎም መቀመጫ ይሆናል። አራት አገልግሎት ያለው ዕቃ ቦታውን አያባክንም። ነገር ግን ጋቢ አራት ድርብ የሆነ ጥጥ ስለሆነ ውኃ ከነካው እጅግ ይከብዳል፤ ቶሎም አይደርቅም። በመሆኑም ከመኪና ጣሪያም ሆነ ከጀልባ ከመጫኑ በፊት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ አፉ ይታሰር።

እንግዲህ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ቀን ጉዞ የሚበቃውን እንዘርዝር።

አንደኛ፦ ልብስ። ከተለበሰው ጋር ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ሦስት ሦስት የውስጥ ልብስና ካልሲ። ከሸሚዞቹ ሁለቱ እጅጌያቸው ረጅም ይሁን፤ በራቤል ለብርድ፣ በባሕር ዳር ደግሞ ማታ ማታ ለወባ ትንኝ መከላከያ ይሆናሉና። ሴቶች ነጠላ ይጨምሩ፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለፀሐይም ያገለግላል። ልብሱ በየሁለት ቀኑ ማታ በሳሙና ከታጠበ ጧት ይደርሳል። ሦስት ሸሚዝ የሚያጥብ ሰው አሥር ሸሚዝ ከሚሸከም ሰው የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ይውላል።

ሁለተኛ፦ ጫማ። አንድ ጠንካራ ጫማ በእግር፣ አንድ ቀላል ነጠላ ጫማ በቦርሳ። ጠንካራው ጫማ ከጉዞው በፊት የተለማመደ እንጂ ለጉዞው የተገዛ አዲስ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፦ ቀሪው። መታወቂያ፣ በሁለት ቦታ የተከፈለ ገንዘብ፣ ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ ስልክና መሙያው፣ ሳሙናና ትንሽ ፎጣ፣ ባርኔጣ፣ የመጠጥ ውኃ። ስንቅ ካስፈለገም በሶና ዳቦ ቆሎ አይበላሹም፤ ሲበሉም ሸክሙ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል።

ወደ ሐይቁ ስንመጣ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጥቂት ነገሮች አሉ። በጣና ላይ ብዙውን ጊዜ ነፋስ የሚነሣውና ማዕበሉ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ በጧት መጓዝ ይመረጣል። በጀልባ ላይ ክብደት ከታችና ከመካከል መሆን አለበት። ከዳር የተቆለለ ሻንጣ ጀልባውን ያዘነብለዋል። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይህን ሕግ ያለ አስተማሪ ያውቁታል፤ ጭነታቸውን አመዛዝነው ሳያስቀምጡ ከዳር አይነሡም። ተሳፋሪው ሲሳፈር ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ይያዝ። ምክንያቱም ድንገት ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ከጀርባ የታሰረ ቦርሳ ወደ ታች ይስበዋል። የሚሰጠውንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ እንጂ አይቀመጥበት። ወረቀት፣ ገንዘብና ስልክ በላስቲክ ታስረው ከገላ ጋር ይሁኑ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ በቀላሉ የሚወልቅ ነጠላ ጫማ በዚያን ቀን ከሁሉ ይበልጣል። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ደሴቶች ሴቶች እንደማይገቡም አስቀድሞ ማወቅ ድካምን ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ምክር ከውጭ አገር የመጣ እንዳይመስለን የቆሎ ተማሪን እናስታውስ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ትምህርት ፍለጋ ከሸዋ ጎጃም፣ ከጎጃም ጎንደር ይሻገር ነበር። ልብሱ መኝታው ነበር፤ አኩፋዳው ጓዳው ነበር፤ ከባዱን ሀብቱን ደግሞ በቃሉ ይዞት ነበር የሚጓዘው።

በሌላው ዓለምም በትልልቅ የመንገደኛ መርከብ እየተጓዙ በየወደቡ ወርደው አገር የሚያዩ ሰዎች ይኸው ችግር ይገጥማቸዋል። በመርከብ ሳሉ ሻንጣው በክፍላቸው ተቀምጦ ስለሚጓዝ ክብደቱ አይሰማቸውም። ወደ ባቡርና ወደ አውቶቡስ ሲዛወሩ ግን ይሰማቸዋል። በብዙዎቹ መርከቦች የመንገደኛው ትልቅ ሻንጣ የሚሰበሰበው ከመውረጃው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። ሁሉን ነገር አስረክቦ ለጧት የሚለብሰውን ያላስቀረ ሰው በሌሊት ልብሱ ሊቀር ነው። አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ የያዘው ግን ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ እግር ይወርዳል።

ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣት በፊት በዚያ ያሉትን ዘመዶች ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ፣ «አትምጡ» ካሉም መቅረት ተገቢ ነው። መኪና በመንገድ ቢቆምና ተሳፋሪው በእግሩ እንዲሄድ ቢገደድም፣ ቀላል ጓዝ የያዘ ሰው ሰውነቱንም ንብረቱንም ለማትረፍ ይቀለዋል።

በመጨረሻም ይህን እንመክራለን። ጓዛችሁን ከመነሻው ቀን ሦስት ቀን አስቀድማችሁ አሰናዱ። ቦርሳውን አንግታችሁ በሰፈራችሁ ጥቂት ተመላለሱ። ተመልሳችሁም ክፈቱትና «ይሆናል» ተብሎ የገባውን አውጡት፤ «ያለዚህ አይሆንም» የተባለውን አስቀሩት። ከዚህ የተረፈውን ቦታ ለራሳችሁ አትሙሉት። ቡና፣ ስኳር፣ ለልጆቹም ደብተርና እርሳስ ይግባበት። ይህ ሸክም መድረሻው ላይ ስለሚራገፍ ስትመለሱ አይከብዳችሁም።

እኔም ወደ ራቤል ሁለተኛ ጊዜ የሄድሁት አንድ ቦርሳ አንግቼ ነበር። አጎቴ ከደጅ ቆመው ሲያዩኝ «ዕቃህስ?» አሉኝ። «ይኸው ነው» አልኋቸው። በዚያን ቀን አህያው ወፍጮ ቤት ውሎ ተመለሰ፤ ማታም የቀረበልኝ እንጀራ የቤታቸው ነበር።