ስለ ገጠር መሬት መዝገብና ስለ ጐረቤት ምስክርነት

መሬትን መለካት ቀላል ነው፤ የተለካውን ባለመሬቱ እንዲያምነው ማድረግ ግን ከባድ ነው። ገመድ የያዘ ሰው አንዱን ማሳ ከጧት እስከ ረፋድ ለክቶ ሊጨርሰው ይችላል። ነገር ግን ማሳው የማን እንደ ሆነ፥ ድንበሩ በየትኛው ዛፍና በየትኛው ቦይ በኩል እንደሚያልፍ፥ ከአባት ለየትኛው ልጅ እንደ ተላለፈ የሚያውቁት በዚያ ሲያርስ የኖረው ሰውና ጐረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ መንግሥት የሚያቋቁመው የመሬት መዝገብ፥ በወረቀት ቢጻፍም በኮምፒዩተር ቢቀመጥም፥ እውነተኛ የሚሆነው ሕዝቡ ከሥራው ገብቶ ሲናገርበትና ሲያርመው ነው። ይህም እንዲያው የተነገረ ምክር እንዳይመስል፥ በአገራችን የሆነውን በየዘመኑ መመልከት ይበቃል።

ቀድሞ የመሬት መለኪያው ገመድ ቀላድ ይባል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡቡ አገር ቀላድ በተጣለ ጊዜ፥ ገመዱን የያዘው የመንግሥት ሰው ነበር። ከተለካውም መሬት ለአገሩ ባላባት ሲሦው ሲለይለት፥ የቀረው ለመንግሥት፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለወታደር ይመደብ ነበር፤ አራሹም ገባር ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ በተሰማበት ስፍራ፥ ገበሬው ወሬውን ከርስት የመነቀል ምልክት አድርጎ ይተረጕመው ነበር።

ይህ ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ በጐጃም ታየ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ አሥራትን አስቀርቶ ሰው ሁሉ እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያዝዝ ስለ ነበረ፥ አሳቡ ድኻውን የሚጠቅም ይመስል ነበር። ሆኖም ዐዋጁ በአዲስ አበባ ተመከረበት እንጂ፥ በየአጥቢያው ካለው ገበሬ ጋራ አልተመከረበትም። ገቢውን የሚገምቱት ሰዎች በመጡ ጊዜ፥ የሞጣና የዳሞት ሰው ርስታችን ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ እንቢ አለ። ነገሩም እስከ ጦር ደረሰ፤ በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን በግድ ማስከፈሉን ተወው። አሳቡ መልካም የሆነ ሥራ እንኳ ሕዝቡ ሳይጠየቅበት ሲመጣ እንዴት እንደሚፈርስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲባል ርስትም ጉልትም ቀረ። ከዚያ በኋላ ገበሬው የሚያርሰው መሬት ቢኖረውም፥ በየጊዜው በሚደረገው ድልድል ይቀነስብኛል ወይም ይለወጥብኛል በሚል ሥጋት ይኖር ነበር። በዐማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተደረገው ድልድል ይህን ሥጋት አጸናው። ማሳው ለከርሞ የእርሱ ይሁን አይሁን የማያውቅ ሰው ደግሞ እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል እጁ አይፈታም።

የይዞታ ምዝገባ በትግራይ ክልል በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ ኋላ በዐማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተከተለ። በዐማራ ክልል አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ በምሥራቅ ጐጃም ያለው ጐዛምን ነው። አያቶቹ ግብር ገማቾችን የመለሱበት አገር ሰው፥ አሁን ማሳውን ለማስለካት ራሱ እየቀደመ ወጣ። የተለወጠው ገመዱ አልነበረም፤ የተለወጠው ገመዱን የያዘው ሰው ነው።

ሥራው እንዲህ ይደረግ ነበር። አስቀድሞ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ የምዝገባው ምክንያት ይነገረዋል፤ ቀጥሎም ከመካከሉ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴውም ከባለሙያው ጋራ ከማሳ ወደ ማሳ እየሄደ፥ ባለይዞታውና ተዋሳኞቹ በቆሙበት ድንበሩን ያረጋግጣል፤ በምሥራቅ፥ በምዕራብ፥ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስምም ይጻፋል። የተጻፈውም በሕዝብ ፊት ይቀርባል፤ ተሳስቷል የሚል ሰው ቅሬታውን ያሰማል፤ ክርክር ቢነሣ በሽማግሌ ይታያል፥ እምቢ ያለም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደብተሩ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የጐረቤትን ድንበር የሚያፈልስ ሰው በኦሪት ሕግ የተረገመ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለምና፥ ተዋሳኞች ሁሉ በቆሙበት ሐሰት መናገር ቀላል አልነበረም።

በዚህ ዐይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤተሰብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ማሳ አስመዘገበ። ለአንድ ማሳ የወጣውም ገንዘብ ወደ አንድ የአሜሪካ ዶላር ብቻ ነበር፤ ከብዙው ሥራ የሚበልጠውን የሠራው ሕዝቡ ስለ ሆነ ነው። በዐማራ ክልል ውጤቱን የመረመሩ ሊቃውንት፥ ደብተር ያገኘው ገበሬ በመሬቱ ላይ የአፈር መጠበቂያ ሥራ መጨመሩን ጽፈዋል። በትግራይም ባል የሌላቸው ሴቶች መሬታችንን እንነጠቃለን ብለው መፍራታቸው ቀንሶ፥ ከቀድሞው ይልቅ ማከራየት ጀመሩ።

ነገር ግን ሕዝቡ ተጠየቀ ሲባል፥ ከሕዝቡ ማን እንደ ተጠየቀ ደግሞ መመርመር ይገባል። በትግራይ የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት በቤቱ አባወራ ስም ስለ ተሰጠ፥ የብዙ ባለትዳር ሴቶች ስም ሳይጻፍ ቀረ። በዐማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም ከፎቶግራፋቸው ጋራ በአንድ ደብተር እንዲገባ ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በሌላ የተተካው የፌዴራል ዐዋጅ ቍጥር 456ም፥ የጋራ የሆነ ይዞታ በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲጻፍ አዝዞ ነበር። አንድ መስመር ስም መጻፍ ወይም መተው፥ ባል በሞተ ወይም ትዳር በፈረሰ ቀን ሴቲቱን ባለመሬት ወይም ለማኝ ያደርጋታል።

የመጀመሪያው ደብተር የማሳው ሥዕል አልነበረበትም። ስለዚህ በእንግሊዝና በፊንላንድ መንግሥታት ርዳታ ጭምር ሁለተኛው ምዝገባ ተጀመረ። በዚህም ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ወደ ማሳው ይወሰዳል፤ ባለይዞታዎች ድንበራቸውን በቦታው ቆመው ሲያሳዩ፥ ሠራተኛው በፎቶግራፉ ላይ ያሠምረዋል። የተሠመረውም ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የሚባለው መዝገብም ይህን እንዲይዝ ተሠራ።

እዚህ ላይ የወረዳ ሹማምንት ሊጠነቀቁ ይገባል። ፎቶግራፉ የቦዩን መስመር ያሳያል፤ ቦዩ የማን እንደ ሆነ ግን አያሳይም። ኮምፒዩተሩም የተነገረውን ያለ ድካም ይጠብቃል፤ ሐሰት ቢነገረውም ሐሰቱን እንዲሁ ይጠብቀዋል። በወረቀት መዝገብ ዘመን ገበሬው ደብተሩን በቄስ ወይም በተማሪ አስነብቦ ስሕተቱን ያውቅ ነበር፤ በቢሮ ውስጥ ባለ መስኮት የሚታየውን ግን ማን ያነብለታል?

ስለዚህ የተሠመረው ሥዕል ለሕዝብ በሚቀርብበት ጊዜ በግድግዳ ላይ መለጠፉ ብቻ አይበቃም፤ የየሰዉ ስምና የተዋሳኞቹ ስም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ቀኑም የገበያና የአጨዳ ቀን አይሁን፤ ሴቶችና አቅመ ደካሞች ሊደርሱበት በሚችሉት ስፍራ ይደረግ። የቀረበው ቅሬታ በጽሑፍ ይያዝ፥ መልሱም ለባለጉዳዩ ይነገረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞት፥ ፍቺ፥ ውርስና ስጦታ በየጊዜው ይመዝገብ፤ መዝገቡ የሞተውን አባት ስም ይዞ ከቆየ፥ ወንድማማቾች በፍርድ ቤት ደጅ ሲቆሙ የሚረዳቸው አይሆንም። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች ባልቴት ይህን ለማስጻፍ ደጋግማ የምትመለስ ከሆነ፥ ሥርዓቱ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ለእርሷ የለም ማለት ነው።

የጐጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. እንቢ ያለው መለካትን ጠልቶ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠይቁት ስለ መሬቱ የሚወስኑበትን ሰዎች ስላላመነ ነው። ኋላም ማሳውን ያስለካው፥ ራሱ በመረጣቸው ሰዎችና በጐረቤቶቹ ፊት ስለ ሆነ ነው። የመሬት መዝገብ አደራ የተሰጠው ሹም ይህን ልዩነት ቢያስተውል፥ በወረዳው የድንበር ክርክር ይቀንሳል፥ ገበሬውም በማሳው ላይ ተማምኖ ይሠራል።