የሃይብሪድ መኪኖች አሠራርና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የነዳጅ ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምረው የሚሠሩ ሃይብሪድ መኪኖች ጠቀሜታቸው ጎልቶ የሚታየው እንደ መርካቶ ባሉ የትራፊክ መጨናነቅ በሚበዛባቸው ሥፍራዎች ነው።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በዚሁ ገበያ ተሽከርካሪዎች በጭነትና በእግረኛ ብዛት ሳቢያ በየጥቂት ሜትሩ ለመቆም ይገደዳሉ። በነዳጅ ብቻ የሚሠራ መኪና ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ በቆመበትም ነዳጅ ያቃጥላል። ሃይብሪድ መኪና ግን ሲቆም የነዳጅ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል፤ ሲነሳ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ይንቀሳቀሳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ወይም ዳገት ሲገጥመው የነዳጅ ሞተሩ ይታከልበታል።

ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር በመሥራት በሙቀት መልክ ይባክን የነበረውን ኃይል በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። እ.ኤ.አ በ1997 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ፕሪየስ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ከውጭ ቻርጅ መደረግ አያስፈልገውም።

ይሁንና እንዲህ ያለው መኪና የኃይሉ ምንጭ ምንጊዜም ነዳጅ በመሆኑ ወጪን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ሲወስን በምክንያትነት ከተጠቀሱት መካከል ለነዳጅ ግዥ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ይገኝበታል።

ጥገናውም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የተለመደው የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን፣ የሃይብሪድ ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ገበያዎች መኪናውን የሚፈቱም ሆኑ በመሥሪያ ቤት ጋራዦች የሚጠግኑ ባለሙያዎች፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት መንካታቸው ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋልጣል።