የተጫዋቹን ደመወዝ ማን ይከፍላል?

ዱባይ ተራ በሚባለው የገበያ ሰፈር የአንዲት ጠባብ ሱቅ ኪራይ ስንት እንደሆነ የሰማ እንግዳ ይደነግጣል። ነጋዴው አይደነግጥም። በደጁ የሚያልፈውን እግር አይቶ፣ ያስመጣውን ልብስና ጫማ በስንት ጊዜ እንደሚያራግፍ አስልቶ ነው የገባበት። ኪራዩን የሚሸፍንለት ገበያተኛው ነው። የእግር ኳስ ተጫዋቾቻችንን ደመወዝ ግን ተመልካቹ አይሸፍነውም።

ይህ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ገና የደመወዝ ጨዋታ በሆነበት ዘመን «ሳይክሎን» የሚሉት ፍሬድ ቴይለር ነበር። ኦታዋ ያመጣችው ከጨዋታው ጎን በመንግሥት ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሥራ ሰጥታ ነው፤ የእኛም የፋብሪካና የባንክ ቡድኖች ይህን ዘዴ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1909 መጨረሻ ላይ ሬንፍሩ የምትባል ትንሽ ከተማ ለአንድ የውድድር ዘመን፣ ለ12 ጨዋታ ያህል፣ 5,250 ዶላር ከፍላ ወሰደችው። ከትኬት ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። በብር ማዕድንና በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረው የኦብራየን ቤተሰብ ነው ያወጣው።

ሬንፍሩ የምትጫወትበት ሊግ በዓመቱ የደመወዝ ጣሪያ ደነገገ፦ ለአንድ ቡድን በጠቅላላው 5,000 ዶላር! ቴይለር ብቻውን ከዚያ በላይ ወስዶ ነበር። አርት ሮስን የመሰሉ ተጫዋቾች የራሳችንን ሊግ እናቋቁማለን ብለው ቢዝቱም ሜዳ የሚያከራያቸው አጡ። ሬንፍሩም በ1911 ከሊጉ ወጣች። ዋጋው እንደገና የተነሳው በምዕራብ ካናዳ ሌላ ሊግ፣ ማለትም ሌላ ገዢ፣ ሲመጣ ነው። ቴይለር በ1912 ወደ ቫንኩቨር ሄደ። የኢሚግሬሽን ሥራውን ግን አልለቀቀም፤ ብልህ ሰው ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከውል ውጪ የሚከፈል አለ የሚለው ሐሜት ግን አልበረደም። ጣሪያው የነካው ወጪውን እንጂ የገቢውን ምንጭ አይደለም። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ዋንጫ የሚፈልግ ሹም በሕዝብ ገንዘብ ሲጫረት ከኦብራየን በተለየ የራሱ ኪስ አይሳሳበትም። በ2013 ዓ.ም. ዲኤስቲቪ ጨዋታዎችን ማስተላለፍ ሲጀምር አዲስ የገቢ በር ተከፈተ፤ ብቻውን ግን ክለብ አያቆምም።

ደጋፊው ገንዘብ የለውም እንዳይባል ዱባይ ተራ ምስክር ነው። የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ይሸጣል፤ ከሽያጩ ለአገር ውስጥ ክለብ የሚደርስ ሳንቲም የለም። ተመስሎ የተሠራ ከሆነ ለአርሰናልም አይደርስም። ደጋፊ ያላቸው ጊዮርጊስና ቡና እንኳ ይህን ገበያ ገና በአግባቡ አልያዙትም።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ከጣሪያው በፊት አንድ ነገር ያስገድድ፦ በሕዝብ በጀት የሚተዳደር ክለብ ሁሉ ገቢና ወጪውን በየዓመቱ አስመርምሮ ይፋ ያድርግ።