በጫማ የሮጠው አበበ

የኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የ1964ቱን (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ የያዘ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ባለ ቀለም ፊልም ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ነው። በፀሐይ ይጀምርና ወዲያው የብረት ኳስ አሮጌ ሕንፃ ሲንድ ያሳያል። ጦርነት ያደቀቃት ከተማ ዘመናዊ መሆን ፈልጋለች፤ ኢቺካዋ ግን ግንባታውን ከማወደሱ በፊት ፍርስራሹን አስቀደመ። አዘጋጆቹ የጠበቁት የድል መዝገብ ስለነበር ቅር ተሰኙ። እሱ ከሜዳሊያው ይልቅ የሯጭ ጡንቻ፣ የተመልካች ፊት፣ ዝናብ ላይ ነበር ልቡ።

ይህን ፊልም ከማንም በላይ እኛ ልናውቀው ሲገባ፣ የምናውቀው የአበበ ቢቂላን ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱንም ባልሆነ ስም። አንድ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይህንኑ ሲያሳይ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ «ይሄ እንግዲህ ሮም፣ በባዶ እግሩ!» አሉ። አባቴ፣ እግሩን ይመልከቱ እንጂ! ነጭ ጫማ፣ ካልሲም አድርጓል። ደረቱ ላይ 17 ቁጥር አለ፤ የሮሙ 11 ነበር። ሮም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ ነበር፤ ውድድሩ ያለቀው በጨለማ ነው። የቶኪዮው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በጠራራ ቀን እንኳ ባይሆን በደመናማ ቀን ነው። ለምስሉ መግለጫ ብላችሁ «ባዶ እግር» የምትጽፉ ሁሉ እባካችሁ ተዉ። ባዶ እግሩን ስንፈልግ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ መግባቱን እንረሳለን። ማራቶንን ሁለት ጊዜ በኦሊምፒክ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ደግሞ የሚያየውን ለሚያውቅ፣ የኢቺካዋ ጥበብ ከጫማው በላይ ነው። ካሜራው ከሩቅ ፊቱን ይይዝና ምስሉ ዝግ ይላል። ተመልካቹና መንገዱ ከኋላ ደብዝዘው ቀለም ብቻ ይሆናሉ። ላቡ አገጩ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ጠብ ይላል። ፉክክሩ ይጠፋል፤ ተከታዩ ከአራት ደቂቃ በላይ ርቆ ስለነበር የሚያሳድደው ሰውም የለም። በመጠጥ ጠረጴዛው ዘንድ ግን ሌሎቹ ይቆማሉ፣ ኩባያ ያነሳሉ፣ ይጠጣሉ። ሳቅም ያስመጣል።

93 ደቂቃ ሆኖ የተቆረጠ ቅጂም አለ። እሱን አይቶ «ፊልሙን አየሁት» የሚል ሰው አላምንም፤ ረጅሙን ፈልጉ።